ለዓይነ ስውራን ሌላ መተግበሪያ አትሥሩ

ወንድሜ፣ «ለባንክ በፍላተር (በመተግበሪያ መሥሪያው) የምንሠራውን የስልክ መተግበሪያ ዓይነ ስውራን እንዲጠቀሙበት ምን ላድርግ? አለቃዬ ለእነርሱ ቀለል ያለ ሌላ እንሥራ ይላል» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ስልኬን የምጠቀመው ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብልኝ በቶክባክ ነው፤ መተግበሪያ መፈተሽም እንጀራዬ ነው። ለአለቃህ በአክብሮት ንገርልኝ፦ ሌላ አያስፈልግም። ለብቻችን የሚሠራውን ከተመረቀ በኋላ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ዋናው በየጊዜው ሲታደስ የእኛው ባለበት ይቀራል። ሕግ ካልተጠቀሰልኝ የሚል ከሆነ ደግሞ፣ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 9 መረጃና ኮሙዩኒኬሽንንም ያካትታል።

ያለውን አስተካክሉ። የምጠቀምበት አንድ የባንክ መተግበሪያ አለ፤ ስሙ ይቆየን። ገንዘብ ማስተላለፊያው ላይ ጣቴን ወደ ቀኝ ባንሸራተትኩ ቁጥር የምሰማው «ስም የሌለው ቁልፍ»፣ እንደገና «ስም የሌለው ቁልፍ» ነው። አንዱ መላኪያ፣ አንዱ መሰረዣ መሆኑን የሚያውቀው ሥዕሉን የሚያይ ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ የሚስጥር ቁጥሬን ለመንገደኛ ልንገር? በፍላተር መፍትሔው ሴማንቲክስ በሚባለው፣ ለቶክባክ የሚነበበው መግለጫ በሚጻፍበት በኩል ለሥዕሉ ስም መስጠት ነው፤ ከአንድ ሁለት መስመር አያልፍም። «ላክ» ይበቃል። «ገንዘብ ለመላክ የሚያገለግል ቁልፍ» ብለህ አታስረዝመው፤ ቁልፍ መሆኑን ቶክባክ ራሱ ይነግረኛል።

ከዚያ ማረጋገጫው አለ። «ይላክ?» የሚለው መስኮት ሲከፈት ንባቡ ወደዚያው መሄድ አለበት፤ አለበለዚያ ቶክባክ ከኋላ የቀረውን ገጽ ሲያነብልኝ እኔ ምን እየተጠየቅሁ እንደሆነ አላውቅም። የተቀባዩ ስምና የብሩ መጠን ሳይነበብልኝ «እሺ» የምልበት ገንዘብ የለኝም። በአጭር መልእክት የሚመጣውን ኮድም አስብበት፦ መልእክቱን ላዳምጥ ወጥቼ ስመለስ መተግበሪያው ከመጀመሪያው ጀምር ካለኝ፣ ኮዱ ጊዜው አልፎበታል። ኮዱን ገልብጬ እንድለጥፍ ፍቀድልኝ፤ ሰዓቱንም አርዝመው።

አማርኛው የራሱ ጣጣ አለው። የገጹ ቋንቋ እንግሊዝኛ ተብሎ ከተመዘገበ የእንግሊዝኛው ድምፅ ፊደላችንን ዘሎት ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ቋንቋውን አማርኛ ብለህ አስመዝግብ። ማስታወቂያን በፎቶ መለጠፍ የሚባለውን ልማድም ተዉት። በሥዕል ውስጥ ያለ ጽሑፍ ለእኔ ባዶ ነው፤ የአገልግሎት ውሉ ስካን ተደርጎ ከተሰቀለም እንዲሁ።

በከፊል ለሚያዩ፣ ነጭ ላይ የተጻፈ ግራጫ ጽሑፍ አይሆንም። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ (WCAG) ለመደበኛ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል። ስልኩ ላይ የፊደል መጠን ሲጨምሩም ገጹ አይፈራርስ።

ፈተናውን ዛሬውኑ ጀምር፦ ቶክባክን ክፈት፣ ስክሪኑን ደብቅና በሙከራው ሒሳብ ላይ ገንዘብ ላክ። ነገር ግን በዚህ አትመን። አንተ ቁልፉ የት እንዳለ በቃልህ ታውቀዋለህ፤ ገጹን የሠራኸው አንተ ነህ። መተግበሪያውን አይቶት የማያውቅ ዓይነ ስውር ጥራና አጠገቡ ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ «ወደ ታች ውረድ» አትበለው። ክፈለውም፤ ሥራ ነው።

ያልጠየቅኸኝን አንድ ነገር ልጨምር፦ የደንበኞች አገልግሎታችሁ የስልክ ጥሪ ብቻ ከሆነ መስማት የተሳናቸው ካርዳቸው ሲጠፋ በምን ያሳግዱት? በጽሑፍ የሚያናግራቸው ሰው መድቡ።