የሶላር ሙቅ ውሃ መስመር ላይ ፒፒአር (የፕላስቲክ ውሃ ቱቦ) ለምን ይጣመማል?

«ከሶላሩ የሚሄደው 25 ሚሊ ፒፒአር ጣሪያ ላይ 12 ሜትር ቀጥ ብሎ ተዘርግቶ ነበር። አሁን እንደ እባብ ተጠማዟል፣ ኤልቦው (መታጠፊያ መገጣጠሚያው) ጋ ያንጠባጥባል። ቱቦው ፎርጅድ ይሆን? በብረት ልቀይረው?» ላሉት ጠያቂያችን፦

ቱቦውን ከመወንጀልዎ በፊት ሒሳቡን እንሥራ። ተራ ፒፒአር ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር በየሜትሩ 0.15 ሚሊ ገደማ ይረዝማል። አዲስ አበባ ላይ ጠዋት ቧንቧው ውስጥ የቆመው ውሃ 15 ዲግሪ ቢሆን፣ ቀትር ላይ 65 ቢደርስ፣ ልዩነቱ 50 ነው። 12 × 50 × 0.15 = 90 ሚሊ። ዘጠኝ ሳንቲ! ምርጡ ቱቦም ያው ነው የሚረዝመው። ሁለቱ ጫፎች ግድግዳ ላይ ከተቀፈደዱ መሄጃ ስለሌለው ወደ ጎን ይጣመማል።

ፕላስቲክ ከረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። ሰንሰለቱ ራሱ ጠንካራ ቢሆንም ከጎረቤቱ ጋር የሚያያይዘው ኃይል ደካማ ነው፤ ሲሞቅ በቀላሉ ይራራቃሉ። ብረት ውስጥ አተሞቹ በሁሉም አቅጣጫ ጠብቀው ስለተያያዙ የጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ብረት) የመርዘም ቁጥር 0.012 ብቻ ነው፤ የእርስዎ መስመር 7 ሚሊ ብቻ ይረዝም ነበር። ያም ሆኖ በብረት መቀየሩን አልመክርም፤ ሙቅ ውሃ ዝገቱን ያፋጥነዋል። ፒቪሲም 0.07 አካባቢ ስለሆነ ያማልላል፤ ግን 80 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ ከዚያ በፊትም ጉልበቱን ያጣል። ለሙቅ መስመር አይነካ።

የሚያንጠባጥበው ኤልቦ የነሐስ ጥርስ ያለው ከሆነ (ብዙ ጊዜ እሱ ነው) ቴፍሎን መጨመር ለጊዜው ብቻ ይረዳል። መስመሩ በየቀኑ ሲገፋውና ሲስበው፣ ነሐሱና ፕላስቲኩም እኩል ስለማይሰፉ፣ መገናኛው ይላላል። መጀመሪያ ግፊቱን ያስወግዱለት።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ቱቦውን መሃሉ ላይ ብቻ በክላምፕ (ግድግዳ ላይ በሚመታ ማሰሪያ) አጥብቀው ይያዙት። ያኔ 90 ሚሊው ለሁለት ተከፍሎ ወደ እያንዳንዱ ጫፍ 45 ይሄዳል። ሌሎቹ ክላምፖች በየ60 እስከ 70 ሳንቲ ይሁኑ፤ ቱቦው ግን ውስጣቸው መንሸራተት አለበት። ፊቲንግ (መገጣጠሚያ) ክላምፑን ተጠግቶ ከተቀመጠ መንሸራተቱን ያግዳልና ክፍተት ይተዉ። ጫፉ ላይ ቱቦው በኤልቦ ሲታጠፍ፣ ከታጠፈ በኋላ ያለው ክንድ ነጻ ሆኖ እንዲለጠጥ የመጀመሪያው ክላምፕ ራቅ ይበል። ርቀቱ 20 ሲባዛ በ(የቱቦው ዲያሜትር × ሲሞቅ የሚረዝመው መጠን) ካሬ ሩት ነው፤ 25 × 45 = 1125፣ ካሬ ሩቱ 33.5፣ በ20 ሲባዛ 670 ሚሊ። 70 ሳንቲ ይተዉለት። ሠራተኞች በብዛት የሚያበላሹት እዚህ ጋ ነው፤ ለማማር ብለው ኤልቦው ሥር ክላምፕ ይመታሉ።

መታጠፊያ ቦታ ከሌለ ዩ ቅርጽ ማስገባት ይቻላል፤ ግን እንዲህ ሰፊ ቦታ ከሚበላ ፋይበር ያለው ፒፒአር ይግዙ። ሲቆረጥ መሃሉ ላይ የተለየ ቀለም ያለው ንብርብር ይታያል፤ ሲሞቅ የሚረዝመው የተራውን ሲሶ ገደማ ነው። በዚያው ማሽንና ፊቲንግ ይበየዳል፣ መላጥ አይፈልግም፤ ከላይ አሉሚኒየም የለበሰው ግን ካልተላጠ አይያያዝም።

ልስን ውስጥ የተቀበረው ክፍል ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ ግድግዳው ይይዘዋል፣ ቱቦውም ለስላሳ ስለሆነ ግፊቱን ራሱ ውስጥ ያምቀዋል። ልስኑ በጣም ከሳሳ ግን ይሰነጠቃል።

ጣሪያ ላይ ያለውን በሙቀት መከላከያ ይጠቅልሉት፤ ፒፒአር ፀሐይ ይጎዳዋል። ሶላርዎ የቫኪዩም ቱቦ (አየር የወጣለት የመስታወት ቱቦ ያለው) ከሆነ ውሃ በማይቀዳበት ቀን ከ90 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ሒሳቡን በ65 ሳይሆን በዚያ ይሥሩት።