ከሬቲና ሥር ለሚገኝ ብግነትና እብጠት የጨረር ሕክምና፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እናቴ በእርጅና በሚመጣው የማኩላ (የሬቲና መካከለኛ ክፍል) በሽታ ምክንያት ዓይናቸው ውስጥ በየወሩ መርፌ ይወጋሉ። ጨረር ቢወስዱ ከመርፌው ይገላገላሉ?

መልስ፦ አይገላገሉም፤ ቁጥሩ ግን ሊቀንስላቸው ይችላል። በዚህ በሽታ ከሬቲናው (ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) ሥር ደካማ የደም ሥሮች በቅለው ደምና ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ፤ ብግነቱም ጠባሳ ያስከትላል። ጨረሩ የሚያነጣጥረው እነዚህን ሥሮችና የብግነት ሴሎች ላይ ነው። በብሪታንያ 411 ሕሙማን በተሳተፉበትና በ2024 (እ.ኤ.አ.) በታተመው ጥናት፣ 16 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ጨረር አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጣቸው ሕሙማን በሁለት ዓመት ውስጥ በአማካይ 10.7 መርፌ ሲያስፈልጋቸው፣ የማስመሰያ ሕክምና የተሰጣቸው ግን 13.3 አስፈልጓቸዋል፤ የማየት ችሎታቸውም ተቀራራቢ ነበር። ልዩነቱ ሦስት መርፌ እንኳ አይሞላም። ሆኖም እያንዳንዱ ቀጠሮ ለአንዲት አዛውንት አጃቢና የመጓጓዣ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ እኔ እንደ ትንሽ ነገር አላየውም።

ጥያቄ፦ ጨረሩ እንዴት ነው የሚሰጠው? አደጋውስ?

መልስ፦ ዓይኑ እንዳይንቀሳቀስ የሚይዝ ሌንስ ይለጠፍበታል፤ ሦስት ቀጫጭን ጨረሮችም በነጩ የዓይን ክፍል በታችኛው በኩል በየተራ ገብተው ማኩላው ላይ ይገናኛሉ። በዚያው ጥናት የጥቃቅን ደም ሥሮች ለውጥ ጨረር ከወሰዱት ዓይኖች በ35 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ በ12 በመቶ ታይቷል። ጉዳቱ ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል የዓመታት ክትትል ያስፈልጋል። የስኳር ሕመም ሬቲናውን ለጎዳው ሰው ግን አይመከርም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከሬቲናው ሥር ቢጫ ጉብታ ታይቶበት «ቲቢ ሊሆን ይችላል» ተብሏል። ውጭ አገር ሄዶ ጨረር ቢወስድስ?

መልስ፦ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ጨረር የቲቢን ባክቴሪያ የማጥፋት ሥራ የለውም። ቲቢ በተስፋፋበት እንደ እኛ ባለ አገር ሐኪሙ አስቀድሞ ይህን መጠርጠሩ ተገቢ ነው፤ ሕክምናውም ለወራት የሚወሰደው የቲቢ መድኃኒት ነው። ብግነቱን ለማብረድ ስቴሮይድ (ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት) ሊታከልበት ይችላል፤ የቲቢው መድኃኒት ሳይጀመር ስቴሮይድ ብቻውን መውሰድ ግን በሽታውን ሊያባብሰው ይችላል።

ጥያቄ፦ ከሬቲናዬ ሥር «ካንሰር ያልሆነ የሊምፍ ሴሎች ክምችት» አለ ተብዬ ጨረር ታዘዘልኝ። ካንሰር ካልሆነ ለምን?

መልስ፦ የሊምፍ ሴሎች (የሰውነት መከላከያ ሴሎች) በጨረር በቀላሉ ስለሚጠፉ፣ ለቀናት ተከፋፍሎ የሚሰጥ አነስተኛ መጠን ሊበቃቸው ይችላል። ከዚያ በፊት ግን ናሙና ተወስዶ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ይህ ክምችት ቀስ ብሎ ከሚያድግ ሊምፎማ (የሊምፍ ሴሎች ካንሰር) ጋር እጅግ ይመሳሰላልና። ከጨረሩ በኋላ የዓይን ሞራ ሊከተል ይችላል፤ እሱ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል።