መልስ፦ ቦሎቄው ደብረ ማርቆስ ላይ ለምን አልበስል አለ?

ከድሬዳዋ ደብረ ማርቆስ ከገባሽ ወዲህ ቦሎቄ ሦስት ሰዓት ተቀቅሎም ጥሬ የሚሆንብሽ በከፍታው ነው። ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሳት ብትጨምሪ ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ምድጃ መቀየር ከንቱ ወጪ ነው።

ማታ ዘፍዝፊው። ጠዋት ውኃውን ደፍተሽ በአዲስ ውኃ፣ በፕሬዠር ኩከር ቀቅይው፤ የታፈነው እንፋሎት የመፍያውን ሙቀት ከ100 ዲግሪ በላይ ያወጣዋል። ቲማቲም ቦሎቄው ከበሰለ በኋላ ጨምሪ፤ ኮምጣጣ ነገር እንዳይለሰልስ ይይዘዋል። ዓመት የከረመ ቦሎቄ ከሆነ ግን ይህም ላይበቃው ይችላል።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ድስቱን ከግማሽ በላይ አትሙይው። የጥራጥሬ አረፋ ወደ ላይ ወጥቶ የእንፋሎቱን መውጫ ይደፍነዋል። እንፋሎቱ ጨርሶ ሳይወጣም ክዳኑን አትታገዪ።