መልስ፦ ፓርላማው የቻጎስን ርክክብ ማስቆም ይችላል ወይ?

ብሪታንያ ቻጎስን (በሕንድ ውቅያኖስ ያሉ ደሴቶች) ለሞሪሸስ ስታስረክብ ፓርላማው ሊያግዳት አይችልም ወይ ላልከው፦ በወረቀት ላይ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 22/2025 የተፈረመው ውል (የጦር ሰፈር ያለባትን ደሴት ዲዬጎ ጋርሺያን ለ99 ዓመት በኪራይ በብሪታንያ እጅ የሚያቆየው) ውሎች በፓርላማ የሚታዩበትን መንገድ በሚደነግገው የ2010ሩ ሕግ መሠረት 21 የስብሰባ ቀናት በሁለቱም ምክር ቤቶች ፊት ተቀምጦ ነበር። በሕጉ መሠረት የታችኛው ምክር ቤት (የተመራጮቹ) «አይጽደቅ» ካለ መንግሥት ምክንያቱን ጽፎ ሌላ 21 ቀን ይጠብቃል፤ ይህም ሊደጋገም ይችላል። የሎርዶች ምክር ቤት ብቻውን ቢቃወም ግን የመንግሥት መግለጫ ይበቃል፣ ውሉ መጽደቅ ይችላል።

ወጥመዱ አጀንዳው ላይ ነው። በታችኛው ምክር ቤት የክርክር ጊዜ የሚመድበው በአብዛኛው መንግሥት ራሱ ስለሆነ፣ ካልመደበ ቀኑ ያለ ድምፅ ያልፋል። የቻጎስም ዕጣ ይኸው ሆነ። የውሉን አንቀጽ ማሻሻልማ ጭራሽ አይቻልም። ስለዚህ ዓይንህን ማስፈጸሚያ ረቂቅ ሕጉ (የብሪታንያን ሕግ ከውሉ ጋር የሚያጣጥመው) ላይ ጣል፤ እሱ በሚያልፍባቸው የውይይት ደረጃዎች ድምፅ ሊሰጥበት ይችላል፣ ማሻሻያም ይቀበላል።