ሐብሉን የት እንደምፈትነው ሰውዬው ያውቁ ነበር

«ስድስት ኪሎ ኢኮኖሚክስ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ጌም ቲዎሪ ላይ ስለ መረጃ የምንማረው ነገር እኛ ገበያ ላይ ይሠራል ወይስ የፈረንጅ ወሬ ነው? ለተርም ፔፐርስ የትኛውን ገበያ ልይ?» ብለህ የጠየቅከው ልጅ፣ ኮመንቶቹን አየኋቸው። ግማሹ «እዚህ አገር ምንም አይሠራም» ይላል፣ ግማሹ ደላላ ይሰድባል። እኔ ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ዘጠኝ ዓመት ቆሜያለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ያንተኑ ትምህርት ተምሬያለሁ። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝምብህ ነው፣ ሻይህን ይዘህ ቁጭ በል።

አጭሩ መልስ፣ ይሠራል። ጌም ቲዎሪ (ሌላው ሰው ምን እንደሚያደርግ እየገመትክ እንዴት እንደምትወስን የሚያጠናው ትምህርት) ክላስ ላይ ግን «ሻጭ ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም» ብለው ያቆማሉ። እኔን ያከሰረኝ ከዚያ አንድ እርምጃ አለፍ ያለው ነው፤ ምን እንደማላውቅ ያኛው ሰው አስቀድሞ ማወቁ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ካፊያ አለ፣ ጋሼ (ባለሱቁን እንዲያ ነው የምንላቸው) ወጣ ብለዋል። አንድ ሸምገል ያሉ ሰውዬ ኮትና ባርኔጣ አድርገው ገቡ። መሐረብ ፈቱና ሐብል አወጡ። «የባለቤቴ ነበር» አሉ፣ ሌላ ምንም አላሉም። ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፣ 31 ግራም ከምናምን። መቆለፊያው ላይ 21 የሚል ማህተም አለ፣ ካራቱ (የወርቁ ንጽህና መለኪያ) ማለት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ወርቁን ጥቁር ድንጋይ ላይ ፈተግ ስታደርገው ቢጫ መስመር ይቀራል፣ መስመሩ ላይ አሲድ ጠብ ታደርጋለህ፣ መስመሩ ከደበዘዘ ካራቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ከቆየ ደህና ነው። እኔ መቆለፊያውን ፈተግኩት። ሐብሉን መሐሉ ላይ ብትፈትገው ይጫርና ደንበኛ ይቆጣል፣ መቆለፊያ ግን አንገት ጀርባ ስለሆነ ማንም አያየውም። ሁሉም እዚያው ነው የሚፈትነው። መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ከፈልኩ። ሰውዬው ዋጋ እንኳ አልተከራከሩም፣ ይሄ ራሱ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር፣ ወርቅ ሊሸጥ መጥቶ የማይከራከር ሰው እስከዚያ ቀን አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጋሼ ሐብሉን ገና በእጃቸው መዘን ሲያደርጉት ፊታቸው ተለወጠ። «ወፍራም ሆኖ ይቀላል» አሉ። ሞረድ አንስተው መሐል ላይ አንዷን ገመድ ገዘገዟት። ውስጡ ነጭ! ብር ነው፣ በወርቅ የተለበጠ። መቆለፊያው ብቻ እውነተኛ 21። ከደሞዜ ስንት ወር እንደተቆረጠ አልነግርህም።

እንግዲህ እየው። ሻጭ ስለ ዕቃው ከገዢ በላይ ማወቁ ድሮም ያለ ነው። ለሰውዬው ገንዘብ የሠራላቸው የኔን ልማድ ማወቃቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ያስያዙኝ ሕግ ሕግ የለሽነት ነበር፤ አንዴ መቆለፊያውን፣ አንዴ መሐሉን፣ አንዴ ጫፉን፣ ዕጣ እንደማውጣት። ከወራት በኋላ ማታ ክፍል ውስጥ መምህሩ ሰሌዳ ላይ «ሚክስድ ስትራቴጂ» (ምርጫን በዕጣ ማደባለቅ) ብለው ሲጽፉ ሳቄ አመለጠኝ። የሒሳብ ሊቁ ጆን ቮን ኒውማን ይሄን ነገር እ.ኤ.አ. በ1928 በሒሳብ አረጋግጦታል፤ አንዱ የሚያገኘውን ያህል ሌላው በሚያጣበት ጨዋታ ምርጫህን በትክክለኛው መጠን በዕጣ ካደባለቅክ ባላጋራህ ዘዴህን ጠንቅቆ ቢያውቅ እንኳ ከተወሰነ በላይ ሊጎዳህ አይችልም። የኔ ችግር በዕጣ ፈንታ በልማድ መሥራቴ ነበር።

አሁን ወደ መማሪያችሁ። ኢኮኖሚስቱ አከርሎፍ ሦስት ጆርናል ከመለሰበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ጽሑፍ ስለ ያገለገለ መኪና ነው። አሜሪካኖች የማይረባ መኪና «ሎሚ» ይላሉ። (እኛ ጋ ሎሚ ጥምቀት ላይ ለቆንጆ የሚወረወር ነው። እሱም ምልክት ነው፣ ግን ርካሽ ምልክት፤ የምሩን የሆነውም ቀልደኛውም እኩል ይወረውራል፣ ልጅቷ ወዲያው የማታምነውም ለዚያ ይመስለኛል።) በወርቅ ላሳይህ። ገበያው ውስጥ ግማሹ ቀለበት እውነተኛ 100 ሺህ ብር የሚያወጣ ነው፣ ግማሹ 40 ሺህ። መለየት ካልቻልኩ አማካዩን 70 ሺህ እሰጣለሁ። ባለ 100 ሺህዋ ሰምታ ቀለበቷን ወደ ቦርሳዋ ትመልሳለች። ባለ 40ው ግን እየሳቀ ይሸጥልኛል። ትንሽ ቆይቼ የሚመጣልኝ መናኛው ብቻ እንደሆነ ስነቃ ዋጋዬን ወደ 40 አወርዳለሁ፣ ደህናው ወርቅ ጭራሽ ገበያ መውጣት ይተዋል። የዋጋው መውረድ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበር፣ ገበያው ራሱ ነው የሚጠፋው። የማያውቁት ሰው በቴሌግራም «በአስቸኳይ የሚሸጥ ወርቅ» ሲለጥፍ ማንም በሙሉ ዋጋ የማይገዛው በዚህ ነው፣ ሰውዬው ቅዱስ ቢሆንም።

መውጫው ምንድነው? ሌላው ኢኮኖሚስት ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ያለው ነገር ለእኔ ከሁሉም በላይ ገብቶኛል፤ ምልክት የሚሠራው ለውሸታሙ ከእውነተኛው ይልቅ ውድ ሲሆን ነው። «ዋስትና አለው» ማለት ነጻ ነው፣ ሁሉም ይላል። ግራሙንና ካራቱን ጽፎ «በፈለጉበት ቀን መልሼ እገዛለሁ» የሚል ደረሰኝ መስጠት ግን መናኛ ለሚሸጥ ሱቅ ራስን ማጥፋት ነው። ያም የሚሠራው ሱቁ ነገም እዚያው ከተገኘ ብቻ ነው። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ያየሁት ይሄን ነው። ቦታ የለቀቁ ሱቆች ደንበኞች ደረሰኝ ይዘው ሲንከራተቱ ነበር። ወረቀቱ ያው ነው፣ ከኋላው የነበረው የሠላሳ ዓመት በር ግን የለም።

ሌላው መንገድ የማያውቀው ወገን ራሱ ምርጫ ማቅረቡ ነው። ሮትሺልድና ስቲግሊትዝ የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1976 በኢንሹራንስ አሳይተውታል፤ ስቲግሊትዝ፣ አከርሎፍና ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ2001 ኖቤሉን አብረው ወሰዱ። ጋሼ ይሄን ሳያነቡ ይሠሩበት ነበር። ለማያውቁት ሻጭ «አሁኑኑ ከፈለግክ በዝቅተኛ ዋጋ እወስደዋለሁ፣ ነገ ጠዋት አንተ እያየህ ቀልጦ ንጹህነቱ ከታየ ሙሉውን እከፍልሃለሁ» ይላሉ። ወርቁን የሚያምን ሰው ነገን ይመርጣል። የማያምነው ይቸኩላል። አንዲት ቃል ሳትጠይቅ መልሱን ታገኛለህ።

እዚህ ላይ ግን ቲዎሪው ልብ የለውም። አንዴ ሆስፒታል ልጅ ያስተኛች ሴት በዝቅተኛው ዋጋ ሸጣ ሄደች፣ ወርቋ ንጹህ 21 ነበር። መቸኮል የአጭበርባሪም የተቸገረም ምልክት ነው። ጥሩ ዘዴ ነው ብዬ ስነግርህ ያቺ ሴት ሁሌ ትመጣብኛለች።

አንድ ሌላ ነገር፣ ይሄ ክላስ ላይ በደቂቃ የሚታለፍ ነው። «ሁሉም ያውቃል» እና «ሁሉም ማወቁን ሁሉም ያውቃል» ይለያያሉ፣ የሒሳብ ሰው የሆነው አውማን እ.ኤ.አ. በ1976 በሒሳብ አስቀምጦታል። ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን 2016ን ታስታውሳለህ? የብር ምንዛሪ ይወርዳል የሚለው ወሬ ከከረመ ቆይቷል፣ ሁላችንም በየግላችን ጠብቀነዋል፣ ሆኖም ሰው ወርቅ በሰላም ይገዛና ይሸጥ ነበር። ጠዋት ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ለቀቅኩ ሲል ዶላር ከ57 ወደ 74 ብር ገደማ ዘለለ፤ ሁሉም ማወቁን ሁሉም ያወቀው ያኔ ነው። እኛ ሱቅ ያን ቀን ያልነው አንድ ቃል ነው፣ «ዛሬ አንሸጥም»። ዋጋ አልጠራንም። ደንበኛው ግን ከዝምታችን ዋጋውን አነበበ፣ «በቃ በትናንቱ ልጨምርላችሁ» እያለ ይለምን ጀመር።

መረጃ በተቋም ሲደራጅም የራሱ ጣጣ አለው። በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናውን ፈትሾ ደረጃ መስጠት ሲጀምር ገዢው ጆንያውን ሳያይ መግዛት ቻለ፣ ትልቅ ነገር ነበር። ግን ተመሳሳይ ደረጃ ያለው ቡና አንድ ላይ ሲደባለቅ የማን ማሳ እንደነበር ጠፋ፣ ለዚያ መረጃ ደህና ገንዘብ የሚከፍሉ የውጭ ገዢዎችም አጉረመረሙ። አንዱን መረጃ ስታስተካክል ሌላውን ልትሰርዝ ትችላለህ።

ለተርም ፔፐርህ ደላላን ተው፣ በየዓመቱ የሚጻፍ ነው። ወርቅ ቤት ሂድ። ከጥር ሠርግ በፊት ጀምር። ተመሳሳይ ቀለበት ይዘህ አምስት ስድስት ሱቅ የሚገዙበትንና የሚሸጡበትን ዋጋ ጠይቅ፣ መጀመሪያ ደረሰኝ ይዘህ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ሳትይዝ። የሁለቱ ቀን ልዩነት የዚያች ወረቀት ዋጋ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ለሬግሬሽንህ (ለስታቲስቲክስ ስሌትህ) ነው። ቀለበቱን ከእናትህ ተዋስ። ተማሪ መሆንህን ግን እንዳትናገር፣ የምር የምትሸጥ ካልመሰልካቸው እውነተኛውን ዋጋ አይነግሩህም።