ተራራው ጉድጓድ የመሰለው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በእጄ ሁለት የቆዩ ጥቁርና ነጭ የአየር ፎቶግራፎች አሉ። በአንዱ ላይ ከጦሳ ተራራ ባሻገር ሰማዩ ይታያል፤ ሌላው ግን ካርታ ይመስላል፤ በእርሱም ላይ ተራራው እንደ ጉድጓድ ሰርጉዶ ታየኝ። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ለተማሪዎቼስ አነባበቡን እንዴት ላስረዳቸው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሰማይ የሚታይበት ፎቶግራፍ ከፍተኛ ሰያፍ የሚባለው ነው፤ ካሜራው በብዙ አዘንብሎ ስለሚያነሣ አድማሱ ይገባበታል። ካሜራው አዘንብሎም አድማሱ ካልገባ ዝቅተኛ ሰያፍ ይባላል። ሁለቱም ከገደል አፋፍ ሆኖ እንደማየት ስለሆኑ በቀላሉ ይገባሉ፤ ሆኖም የቅርቡ ገዝፎ የሩቁ ስለሚያንስ ርቀት ለመለካት አይመቹም። ካርታ የመሰለዎት ደግሞ ቁልቁል ፎቶግራፍ ሲሆን፣ የካሜራው ዝንባሌ ከ3 ዲግሪ አይበልጥም።

የጉድጓዱ ነገር የዓይን ልማድ ነው። በጥር ጠዋት ፀሐይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ስለምትሆን የጦሳ ጥላ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወድቃል። ሰሜኑን ወደ ላይ አድርገን ስንይዘው ጥላው ከእኛ ወደዚያ ይሸሻል፤ ብርሃን ከላይ እንዲመጣ የለመደው ዓይናችን ግን ጉብታውን ጉድጓድ፣ ሸለቆውንም ጉብታ አድርጎ ያነበዋል። ጥላዎቹ ወደ እርስዎ እስኪወርዱ ድረስ ፎቶግራፉን ያዙሩት፤ ተራራው ወዲያው ብድግ ይላል። ከዚህም የተሻለው በአንድ የበረራ መስመር ተከታትለው የተነሡና 60 በመቶ ያህል የሚደራረቡ ሁለት ፎቶግራፎችን በስቴሪዮስኮፕ፣ ማለትም ሁለቱን ምስሎች ለሁለቱ ዓይኖች ለየብቻ አሳይቶ ከፍታና ጥልቀትን በሚያጎላ መሣሪያ፣ አጣምሮ ማየት ነው። የአገራችን የ1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት ከእንዲህ ዓይነት ተደራራቢ ፎቶግራፎች ነው።

በአካባቢያችን በተለይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በመስፈርት (ስኬል) ላይ፣ ማለትም በፎቶግራፉ ላይ ያለው ርቀት ከመሬቱ ርቀት ጋር ባለው ምጥጥን ላይ ነው። መስፈርት የሚገኘው የሌንሱን የትኩረት ርዝመት (ከሌንሱ እስከ ፊልሙ ያለውን ርቀት) አውሮፕላኑ ከመሬት ባለው ከፍታ በማካፈል ነው። ሌንሱ 152 ሚሊ ሜትር፣ አውሮፕላኑም ከባሕር ወለል በላይ 10,000 ሜትር ላይ ነው ብንል፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደሴ መስፈርቱ 1:49,300 ያህል፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ግን 1:53,600 ያህል ይሆናል። በፎቶግራፉ ላይ ያለ 2 ሴንቲ ሜትር ደሴ ላይ 987 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ላይ 1,072 ሜትር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ተማሪዎችዎ አንዱን መስፈርት ይዘው ሁሉንም ቦታ እንዳይለኩበት አደራ እላለሁ።

ለንባቡ ቅርጽ፣ መጠን፣ የቀለም ድምቀት፣ ሸካራነት፣ ጥላ፣ አደራደርና አቀማመጥ ይረዳሉ፤ አንዳቸውም ብቻቸውን አይበቁም። ለምሳሌ የሐረጎ መንገድ ጠመዝማዛ ቢሆንም ስፋቱ አንድ ዓይነት፣ ኩርባውም የተስተካከለ ነው፤ የቦርከና ወንዝ ግን አንድ ቦታ ሰፍቶ ሌላ ቦታ ይጠብባል። ጥቁሩን ሁሉ ውኃ ነው ማለትም ያሳስታል፤ እርጥብ አፈርና የባሕር ዛፍ ተክልም ይጠቁራሉ፣ ውኃ ደግሞ የፀሐይ ነጸብራቅ ሲያርፍበት ነጭ ሊሆን ይችላል። በጥቁር ዛፎች መካከል ክብ ጣሪያ ከታየ ግን ቤተ ክርስቲያን መሆኑን መገመት ይቻላል፤ ዛፉና ጣሪያው አንዱ ሌላውን ያስረዳሉና።

ተማሪዎችዎ በመጀመሪያ ፎቶግራፉ ላይ ስስ ወረቀት አንጥፈው ያዩትን በእርሳስ ይለዩ፤ ያጠራጠራቸውን በጥያቄ ምልክት ይተዉ፤ ከዚያም ወረቀቱን ይዘው ቦታው ድረስ ሄደው ያረጋግጡ።