የአንባቢዎች ጥያቄ፦ ወንዙ የነሱ ከሆነ መብራቱስ የማን ነው?

ጥያቄ (ከቫንኩቨር)

ሰላም አዘጋጆች እንደምን ናችሁ። የምኖረው ካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ነው፣ ሲቪል ኢንጂነር ነኝ። አሁን የምሰራበት አማካሪ ድርጅት አንድ ትንሽ ወንዝ ላይ ከነባር ህዝቦች ማህበረሰብ ጋር ተሻርኮ ሀይድሮ ፓወር ለመስራት እያጠና ነው፣ እኔም ቡድኑ ውስጥ አለሁበት። ስራውን በጣም ወድጄዋለሁ። ግን ሰነዱ ላይ "ጉዳቱ አነስተኛ" ተብሎ ተፅፏል፣ ስብሰባ ላይ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ስለ ሜጋዋቱ አንድም ነገር አይጠይቁም፣ የሚጠይቁት ስለ ሳልሞን ዓሣው ነው፣ በበጋ ወንዙ ውስጥ ስንት ውሃ እንደሚቀር ነው፣ እና ማን ነው የሚፈርመው የሚል ነው። እኔ ከውጭ የመጣሁ ሰው ምን ማወቅ አለብኝ? ደግሞስ ገንዘብ የሌለው ማህበረሰብ እንዴት ብሎ ነው የግማሽ ባለቤት የሚሆነው?

መልስ

እህቴ ሽማግሌዎቹ የጠየቁሽ ዋናውን ነገር ነው። እነዚህ ሶስት ጥያቄዎች መልስ ካላገኙ ሜጋዋቱ ምንም አይረባም።

መጀመሪያ "ጉዳቱ አነስተኛ" የሚለውን እንየው። እንደዚህ አይነት ጣቢያ ብዙ ጊዜ ትልቅ ሀይቅ አይሰራም። ወንዙ ላይ ዝቅ ያለች መቀልበሻ ትሰራለች፣ የተወሰነው ውሃ በቧንቧ ቁልቁል ወርዶ ተርባይን ያዞርና ተመልሶ እዛው ወንዙ ውስጥ ይገባል። በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ከወረደ ወደ 800 ኪሎዋት ይሰጣል፣ ስለዚህ ቁልቁለቱ ጥሩ ከሆነ ብዙ ውሃ ማቆር አያስፈልግም። መንደር አይሰምጥም፣ የቀብር ቦታ አይሰምጥም፣ ይሄ በጣም ትልቅ ነገር ነው እና አላናንቀውም። ግን ከመቀልበሻው እስከ ተርባይኑ ያለው የወንዙ ክፍል አንዳንዴ ብዙ ኪሎሜትር ነው እና ውሃው የሚቀንሰው እዛ ነው። እዛ ዓሣ እንቁላል ይጥላል ወይ? ክረምት ላይ ሁሉም ነገር በረዶ ሲሆን ምን ያህል ይፈሳል? ይሄን የሚያውቀው ሞዴል የሰራው ኮምፒውተር ብቻ አይደለም፣ እዛ ወንዝ ላይ መረብ ሲጥል የኖረ ሰው ነው።

ሌላ ሰው ብዙም የማያወራው ነገር አለ። ተርባይኑ በብልሽት ድንገት ቀጥ ሲል ከጣቢያው በታች ያለው ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ዝቅ ይላል፣ ምክንያቱም ከላይ የተለቀቀው ውሃ በወንዙ ዞሮ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል፣ በዛ መሀል ትናንሾቹ ሳልሞኖች ጠጠር ላይ ደርቀው ይቀራሉ። ተርባይኑ ቢቆምም ውሃው ማለፉን እንዲቀጥል የሚያደርግ ማሳለፊያ ቫልቭ ማስገባት ይቻላል፣ ገንዘብ ያስወጣል ግን ይቻላል። አንቺ ኢንጂነር ስለሆንሽ ዲዛይኑ ላይ ይሄ ነገር አለ ወይ ብለሽ ዛሬውኑ ጠይቂ፣ ወጪ ለመቀነስ ተብሎ መጀመሪያ እንዳይሰረዝ ተከታተይ። መንገዱንና የኤሌክትሪክ መስመሩንም አትርሺ፣ ጫካ የሚቆርጡት እነሱ ናቸው።

አሁን ለምን "ማን ነው የሚፈርመው" እንደሚሉ ልንገርሽ፣ ይሄ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ነገር ነው። ኩቤክ የምትባለው የካናዳ ክፍለ ሀገር መንግስት በ1971 (አመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የጄምስ ቤይን ትልቅ የሀይድሮ ፕሮጀክት ሲያውጅ እዛ የሚኖሩትን የክሪና የኢኑዊት ህዝቦች አላማከረም። ፍርድ ቤት ሄዱ፣ በ1973 ዳኛ አልበር ማሉፍ ስራው እንዲቆም አዘዙ፣ ይግባኝ ሰሚው ግን ከሳምንት ገደማ በኋላ ትእዛዙን አነሳው፣ ግንባታው ቀጠለ እና በ1975 ስምምነት ተፈረመ። ከዛ በኋላ በተሰሩት ሰው ሰራሽ ሀይቆች ውስጥ ዓሣው ሜርኩሪ የሚባል መርዛማ ብረት በዛበትና ሰዎች ዓሣ መብላት ቀንሱ ተባሉ፣ ዓሣ ዋና ምግባቸው የሆነ ሰዎች! በ1984 ደግሞ ካኒያፒስካው ወንዝ ላይ ወደ 10,000 ካሪቡ የሚባሉ የዱር አጋዘኖች ሰጥመው ሞቱ። ይሄን የሚያስታውስ ሽማግሌ ፊቱ ላይ ወረቀት ስታስቀምጪለት ቢጠራጠር ልክ ነው።

ግን እዛው ኩቤክ ውስጥ ሌላ አይነት ታሪክም አለ፣ ለቡድንሽ ብታነቢላቸው ደስ ይለኛል። ኢኑክጁዋክ የምትባል የኢኑዊት መንደር አለች፣ ሀድሰን ቤይ ዳር፣ ወደ 1,800 ሰው ይኖርባታል። በ1953 የካናዳ መንግስት ከዚች መንደር ቤተሰቦችን አንስቶ ወደ ሩቅ ሰሜን ወስዶ አሰፈራቸው፣ ይቅርታ የጠየቀው በ2010 ነው። መብራቷም ማሞቂያዋም በመርከብ በሚመጣ ነዳጅ ነበር የሚሰራው፣ ምክንያቱም ኑናቪክ በሚባለው የሰሜን ኩቤክ አካባቢ ያሉት 14ቱም መንደሮች ከኩቤክ ዋናው የመብራት መረብ ጋር አልተገናኙም። እና የመንደሯ ሰዎች ራሳቸው ኢኑክሱዋክ ወንዝ ላይ ጣቢያ ይሰራልን ብለው ለአመታት ለፉ፣ በ2010 ድምፅ ሰጡበትና 83 ከመቶው ደገፈ። የነሱ የመሬት ድርጅት ፒቱቪክና ኢነርጄክስ የሚባለው ኩባንያ እኩል በእኩል ተሻረኩ፣ በ2019 ከኩቤክ የመንግስት መብራት ድርጅት ከሀይድሮ ኩቤክ ጋር የ40 አመት የኤሌክትሪክ ሽያጭ ውል ተፈረመ፣ 7.5 ሜጋዋቱ በ2023 ስራ ጀመረ። ከድምፁ እስከ መብራቱ 13 አመት ነው! ይሄን የምነግርሽ ድርጅትሽ የጊዜ ሰሌዳ ሲያወጣ ማህበረሰቡን እንዳያጣድፍ ነው፣ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ በነሱ ምክንያት አይደለም፣ በፈቃድና በገንዘብ ነው።

ገንዘቡስ ላልሽው። ማህበረሰቡ ሼሩን የሚገዛው ባብዛኛው በብድር ነው፣ ብድሩ የሚከፈለው ኤሌክትሪኩ ሲሸጥ ከሚመጣው ገቢ ነው፣ ስለዚህ ባንኩ የሚያየው ወንዙን ሳይሆን የሽያጭ ውሉን ነው። ውል ከሌለ ምንም የለም። አንቺ ያለሽበት ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ የመንግስት መብራት ድርጅቱ ቢሲ ሀይድሮ ከትናንሽ ጣቢያዎች የሚገዛበትን ፕሮግራም በ2019 ሲያቆመው ብዙ ማህበረሰቦች ለአመታት ያጠኑት ፕሮጀክት እጃቸው ላይ ቀረ፣ ይሄ ያሳዝናል። በ2024 በወጣው አዲስ የኤሌክትሪክ ግዢ ጨረታ ላይ ከእያንዳንዱ ፕሮጀክት ባለቤትነት ቢያንስ 25 ከመቶው የነባር ህዝቦች ድርሻ እንዲሆን ተደንግጓል፣ ያ ጥሩ እርምጃ ነው።

ሼር አለን ማለት ግን ገንዘብ ይገባል ማለት አይደለም። ማኒቶባ በምትባል ሌላ የካናዳ ክፍለ ሀገር ውስጥ ዉስክዋቲም የሚባል 200 ሜጋዋት ጣቢያ አለ፣ በ2012 ነው የተጀመረው፣ የሰጠመው መሬት ከግማሽ ካሬ ኪሎሜትር በታች ነው፣ የኒሲቻዋያሲክ ክሪ ህዝብ እስከ 33 ከመቶ ድርሻ የመያዝ መብት ነበረው። በዲዛይን ደረጃ የሚመሰገን ነው። ግን የግንባታው ወጪ ከታሰበው በላይ ናረ፣ የኤሌክትሪክ ገበያው ደግሞ ወረደ፣ የተጠበቀው ትርፍ አልመጣም፣ ውሉንም ማሻሻል ግድ ሆነ። ስለዚህ ውሉ ውስጥ ግንባታው ቢወደድ ማን ይሸከማል የሚለው በግልፅ ይፃፍ፣ ማህበረሰቡ የራሱ ጠበቃና የራሱ ሂሳብ አዋቂ ይኑረው፣ በኩባንያው የተቀጠረ ሳይሆን የራሱ።

ትንሽ ሆኖ ሙሉ በሙሉ የራስ ማድረግም አለ። አትሊን የምትባለው የሰሜን ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከተማ ውስጥ የታኩ ሪቨር ትሊንጊት ህዝብ 2.1 ሜጋዋት ጣቢያ አለው፣ መቶ በመቶ የራሳቸው ነው፣ ከ2009 ጀምሮ የናፍጣ ጄኔሬተሩን ተክቶታል። እኔን ብትጠይቂኝ ከትልቅ ጣቢያ ትንሽ ድርሻ ይልቅ ይሄ ይሻላል፣ ሁልጊዜ ባይቻልም።

ጥያቄ (ከባህር ዳር)

እኛ ገጠር ቤተሰቦቼ ያሉበት ቀበሌ መብራት የለም፣ ግን አንድ ጥሩ ወንዝ አለ፣ ቁልቁለትም አለው። ወጣቶች ተሰባስበን ትንሽ የውሃ መብራት ጣቢያ መስራት እንችላለን ወይ? ትልልቆቹ ግን ውሃችንን ትወስዱብናላችሁ ብለው ፈርተዋል።

መልስ

ወንድሜ ፍርሃታቸው መሰረት አለው፣ አንተ ያለህበት ቦታ ሆነህ ደግሞ ማስረጃው ቅርብ ነው። ጢስ ዓባይ ትልቅ ሀይቅ የሌለው፣ ውሃውን ቀልብሶ ተርባይን የሚያዞር ጣቢያ ነው፣ የመጀመሪያው በ1964 ሁለተኛው በ2001 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። መንደር አላሰጠመም፣ ግን ውሃው በቦዩ ሲሄድ ፏፏቴው ምን ያህል እንደሚቀጥን አይተኸዋል፣ ቱሪስት ሊያስጎበኝ የሚወጣው ልጅም ያውቀዋል። ሀይቅ የለውም ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም።

የናንተ ግን በኪሎዋት የሚቆጠር ነው። ሲዳማ ውስጥ ጎቤቾ፣ ኤረርቴና ሀጋራ ሶዲቻ ላይ በጀርመን የልማት ትብብር እገዛ በአስር ኪሎዋቶች የሚቆጠሩ ጣቢያዎች ለማህበረሰብ ተሰርተዋል፣ ስለዚህ ቴክኒኩ አገር ውስጥ አዲስ አይደለም። ከባዱ ጥገናው ነው፣ መለዋወጫ የሚገዛበት ገንዘብ ከየወሩ ክፍያ ካልተቀመጠ ተርባይኑ በቆመበት ይቀራል። ፈቃድ እንደሚያስፈልግም እወቁ፣ የዞኑን ውሃና ኢነርጂ ቢሮ መጀመሪያ አናግሩ።

ትልልቆቹን ደግሞ ስብሰባ ጠርታችሁ ከማስረዳት በፊት የውሃ አባቱን ይዛችሁ ወንዙ ዳር ውረዱ። መስኖ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ፣ ተራው በየትኛው ቀን እንደሆነ፣ ከብት የሚጠጣው የት እንደሆነ እሱ ያውቃል። ቧንቧው ከመስኖ መጥለፊያው በላይ ተነስቶ ከሱ በታች ውሃውን የሚመልስ ከሆነ ገበሬው ይጎዳል፣ ውሃው ከመጥለፊያው በላይ ከተመለሰ ግን ለመስኖው አይቀንስበትም፣ ብዙ ፀብ በዚህ ብቻ ይቀራል። ፍሰቱን ደግሞ በነሐሴ አትለኩ፣ ያኔ ሁሉም ወንዝ ሀብታም ይመስላል፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ለኩ፣ ቢቻል ሁለት አመት፣ ለመስኖና ለከብት የሚበቃውን ቀንሳችሁ ከሚቀረው ላይ ተርባይኑን ምረጡ። ልኬቱን ከያዛችሁ ላኩልን፣ ቀጣዩ እትም ላይ ስሌቱን አብረን እንሰራዋለን።